ማኪና ግርግር፦ አምስት ቀን ለአንድ ድምፅ

ጥር የሰርግ ወር ነው። እኔ ደግሞ የምኖረው በሰርግ ነው። ቅዳሜና እሑድ ካሜራ ይዤ ሙሽሮች እከተላለሁ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ገርጂ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ የቀረጽኩትን ኤዲት አደርጋለሁ። ሌሊት፣ ኮምፒውተሩ ቪዲዮ እያወጣ እኔ የራሴን ስክሪፕት እጽፋለሁ። 24 ዓመቴ ነው። የራሴ የምለው ሥራ እስካሁን አንድ የ6 ደቂቃ አጭር ፊልም ብቻ ነው።

ስለዚህ በጥር 2016 ሁለት ሰርግ ለጓደኛዬ አስተላልፌ ሐረር እሄዳለሁ ስል ሰው ሁሉ ገረመው። ሁለት ሰርግ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ነው። ግን አንድ መንገድ መስማት ነበረብኝ።

መንገዱ ማኪና ግርግር ይባላል። ጀጎል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ሐረር፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ቁልቁል የሚወርድ ጠባብ መንገድ ነው። በግራና በቀኝ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ይሰፋሉ። ስሙ የመጣው ከዚያ ነው። ማኪናው የስፌት መኪና ነው፤ ግርግሩ ድምፁ። በድምፁ የተሰየመ ሌላ መንገድ አላውቅም።

እናቴም ልብስ ሰፊ ናት። ልጅ ሆኜ እንቅልፍ የሚወስደኝ በመኪናዋ ድምፅ ነበር። የምነቃው ድምፁ ሲቆም ነው።

ሐረርን በፊልም ያየሁት ደግሞ ከፊልም ሠሪዋ ጄሲካ በሽር ነው። ሐረር ያደገች ናት። በ2021 እንደ ፈረንጆቹ የወጣውን «ፋያ ዳዪ» የሠራችው ለ10 ዓመት ያህል እየተመላለሰች፣ ካሜራውን ራሷ ይዛ ነው። ጥቁርና ነጭ ነው። በጓደኛዬ ላፕቶፕ ላይ ሦስት ጊዜ አየሁት። በሦስተኛው ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት። ያኔ ነው ጉዞው የተወሰነው። እሷ 10 ዓመት ነበራት፤ እኔ አምስት ቀን።

ሐሙስ ጥር 23፣ ከአዲስ አበባ ሐረር

አውቶቡሱ ከመስቀል አደባባይ የተነሳው ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው። ትኬቱ 1,100 ብር። ቦርሳዬ ውስጥ የተዋስኩት ካኖን ኤም 50፣ አንድ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ዙም ኤች 1 ኤን የድምፅ መቅጃ፣ ሄድፎን፣ ሁለት ባትሪና አንድ ፓወር ባንክ አለ። ልብሴ ከዚያ ያንሳል።

አዳማን በእንቅልፍ አለፍኩት። የነቃሁት መተሐራ፣ በሰቃ ሐይቅ አጠገብ ነው። በአንድ በኩል ውሃው፣ በሌላ በኩል ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። በመስኮት መቅረጽ አማረኝና ተውኩት። የአውቶቡስ መስኮት ያለበት የጉዞ ቪዲዮ በቂ ሰው ሠርቷል።

አሰበ ተፈሪ ምሳ በላን። ጥብስ 280 ብር። ገርጂ ቢሆን በዚህ ዋጋ ግማሹን ነበር የማገኘው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ተራራ መውጣት ይጀምራል። መታጠፊያው አያልቅም። ከታች የማሽላ እርከኖች፣ ከላይ ቁጥቋጦ፣ በመሃል እኛ።

ሂርና ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ጎማ ፈነዳ። ስኮርታ አለ፤ ክሪኩ ግን አይሠራም። ረዳቱ መንገድ ላይ ቆሞ አላፊውን ሁሉ ለመነ። በመጨረሻ አንድ አይሱዙ ቆመለት። እስከዚያ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሆኗል።

መቅጃዬን አወጣሁና ከመንገዱ ትንሽ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ፍየል የሚጠብቅ ልጅ መጣ። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። «ሬዲዮ ነው?» አለኝ። ሄድፎኑን ጆሮው ላይ አደረግኩለትና ማይኩን ወደ ማዶው ኮረብታ አዞርኩት። ዝም አለ። ከዚያ ድንገት ወደ ማዶ ጠቆመ። ከፍየሎቹ አንዷ ተለይታ ኮረብታው ጥግ ቀርታለች። በዓይኑ አላያትም ነበር፤ ስትጮህ ሰማት። ሄድፎኑን ወርውሮልኝ ሮጠ።

የጉዞው ምርጥ ድምፅ ብዬ ልጽፈው ነበር። አልቀዳሁትም። ልጁን እያየሁ ቁልፉን አልተጫንኩም።

ቁልቢን ስናልፍ ጀንበር እየጠለቀች ነበር። በታኅሣሥ 19ና በሐምሌ 19 ሰው መቆሚያ የሚያጣበት መንገድ አሁን ጭር ብሏል። አወዳይ ግን ያው አወዳይ ነው። በጨለማ ጫት ይሸከማሉ፣ ይጭናሉ፣ ይጣራሉ። ሐረር የገባነው ከምሽቱ አንድ ሰዓት አልፎ ነው። ከመናኸሪያ እስከ ጀጎል በባጃጅ 50 ብር ከፈልኩ።

ያረፍኩት እንግዳ የሚቀበሉ አንዲት እናት ቤት ነው። የቀድሞው የሐረሪ ቤት ነው። ስትገባ ፊት ለፊት ነደባ፣ ደረጃ ደረጃ ያለው መቀመጫ፣ ይጠብቅሃል። በቀይ አፈር የተቀባ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሙዳዮችና ስፌቶች አንድ ባዶ ቦታ አላስተረፉም። አልጋ ከነቁርሱ 700 ብር። እናት ቦርሳዬን ተቀብለውኝ «ልጄ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የጫንሽው?» አሉኝ። ካሜራ ነው ስላቸው፣ «እንኳን ደህና መጣሽ፤ መጀመሪያ ብዪ» አሉ። ሁልበት መረቅ ቀረበልኝ። የአብሽ ሽታው ከእናቴ ጓዳ የተለየ ነው። ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ።

ዓርብ ጥር 24፣ ማኪና ግርግር

ጠዋት ቁጢ ጠጣሁ። የቡና ቅጠል ተቆልቶ ይፈላና ወተት ይገባበታል። ጭስ ጭስ ይላል። አዲስ አበባ ቡናውን እንጂ ቅጠሉን አናውቀውም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፈረስ መጋላ ነበርኩ። ድምፁ ከመንገዱ ቀድሞ መጣ። የእናቴ መኪና አንድ ነው፤ ይሄ ብዙ ነው። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል። አጭር ስፌት፣ ረጅም ስፌት፣ የመዘውር ድምፅ፣ የመቀስ ድምፅ። ጨርቅ ከሱቁ የገዛች ሴት ሁለት እርምጃ ተራምዳ ለሰፊው ትሰጣለች። ሻይ ጠጥታ ስትመለስ አልቆ ይጠብቃታል።

ቸኮልኩ። ካሜራውን አወጣሁና መቅረጽ ጀመርኩ። መንገዱ ወዲያው ተለወጠ። አንዷ ሴት ሻርፗን ፊቷ ላይ ሳበች። አንድ ወጣት ሰፊ መኪናውን አቁሞ ዞር አለ። አጠገቡ ያሉት ነጭ ጢም ያላቸው አባት መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሳትጠይቂ?» አሉኝ።

በቁጣ አይደለም። ልጅን እንደመጠየቅ ነው ያሉት። ፊቴ ጋለ። ሰርግ ላይ ሁሉም ሰው መቀረጽ ይፈልጋል፤ አለመፈለግ የሚባለውን ነገር ረስቼው ኖሯል። ይቅርታ ጠየቅኩ። ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። አባባ ሻይ አዘዙልኝ። ሻይ 15 ብር ነበረች፤ ልክፈል ብል አልተቀበሉኝም። ምን ልሠራ እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ስለ እናቴም ነገርኳቸው።

ትንሽ አሰቡና «ፊቴን አትቅረጪ» አሉኝ። «ፊቴ ምን ያደርግልሻል? ሥራው ያለው እጄ ላይ ነው። እጄን ውሰጂ።»

ካሜራውን ለነገ አስተላለፍኩና ድምፅ መቅጃውን ብቻ አስፈቅጄ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ስድስት ሰዓት ሲቃረብ አንድ ነገር ተፈጠረ። ዓርብ መሆኑን ልብ አላልኩም ነበር። ከታች በኩል አንድ መኪና ቆመ። ቀጥሎ ሌላ። ጨርቅ ይታጠፋል፣ ወንበር ይገፋል፣ በር ይዘጋል። ዝምታው መንገዱን እየወጣ ወደ እኛ መጣ። መጨረሻ ላይ የአባባ መኪና ብቻ ቀረ። አንድ ስፌት ጨረሱ። ክሩን በጥሰው ተነሱ። ጀጎል ውስጥ 82 መስጊድ አለ ይባላል። አዛኑ ከየአቅጣጫው ሲነሳ መንገዱ ላይ እኔና አንዲት ድመት ብቻ ነበርን።

ማታ ነው የደነገጥኩት። የቀዳሁትን ስሰማ የጠዋቱ ሁሉ ተበላሽቷል። ጌይኑን፣ የመቅጃውን የድምፅ መቀበያ መጠን፣ ከፍ አድርጌ ረስቼዋለሁ፤ መርፌው በመታ ቁጥር ድምፁ ይሰነጠቃል። ኤዲቲንግ ላይ የሚስተካከል አይደለም። የተረፈው መኪኖቹ አንድ በአንድ የቆሙበት ሦስት ደቂቃ ነው፤ አዛኑ ሲነሳ እሱም ይሰነጠቃል። ጸጥ ስላለ ብቻ ተረፈ።

ይባስ ብሎ ሁለት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ባትሪዎቹን ቻርጅ አላደረግኩም። እናት ፋኖስ ይዘው መጡና አጠገቤ ነደባው ላይ ተቀመጡ። የሆነውን ስነግራቸው፣ «ነገም ይሰፋሉ» አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉም። ተኛሁ።

ቅዳሜ ጥር 25፣ እጆቹ

መብራት የመጣው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ተነስቼ ሁሉንም ሰካሁ።

ጠዋት አባባ ጋ ስደርስ በርጩማዋ ቦታዋ ላይ ናት። ለ40 ደቂቃ ካሜራ አልነካሁም። ጌይኑን ዝቅ አደረግኩ፣ ማይኩን ከመኪናው ጎን እንጂ ከፊት አላስቀመጥኩትም፣ ሄድፎኑን አድርጌ ሰማሁ። ቀጭን ጨርቅ ሲሰፋ መርፌው ይንሾካሾካል። ጂንስ ሲሆን ይመታል። እጥፋቱ አራት ድርብ የሆነበት ቦታ ሲደርሱ አባባ እግራቸውን ከመርገጫው ያነሱና መዘውሩን በእጃቸው ያዞራሉ፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ካለፈ በኋላ እግራቸው ይመለሳል። ይሄን በዓይኔ ብቻ ባየው አላስተውለውም ነበር።

ሄድፎኑን ሰጠኋቸው። የራሳቸውን መኪና ሰሙት። እየሰፉ ሰሙት። «አርጅታለች» አሉ። መኪናዋን ነው። ሲንጀር ናት፤ ከአባታቸው የወረሷት።

ከዚያ እጃቸውን ቀረጽኩ። የቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር በመሃል ተሰንጥቋል። የግራ እጃቸው ጨርቁን አይጎትትም፤ መንገድ ያሳየዋል። በ50ው ሌንስ ተጠግቼ፣ ጥቁርና ነጭ ሳይሆን በቀለም ቀረጽኩ። የሐረሪ ሴቶች ከቀሚስ ሥር የሚለብሱት ሱሪ ቀለም ጥቁርና ነጭ ቢሆን ይጠፋ ነበር። ትናንት ፊቱን ያዞረው ወጣት መጥቶ ትንሿን ስክሪን አየ። «የእኔንም እጅ ቅረጪ» አለኝ። እስከ ምሳ የሰባት ሰው እጅ ቀረጽኩ። አንድም ፊት የለም።

አባባ ጋ የማይኬን ቦርሳ ዚፕ አሰፋሁ። 60 ብር። አዲስ አበባ ዚፕ ለማስቀየር ሁለት ቀን እመላለሳለሁ፤ እሳቸው ሻይዬን ሳልጨርስ ሰጡኝ።

ከሰዓት በኋላ ከተማው ይረግባል። የበርጫ፣ የጫት መቃሚያ፣ ሰዓት ነው። መኪኖቹ ይቀንሳሉ፣ ወሬው ይረዝማል። በዚህ ሰዓት ሁለት ቦታ ሄድኩ።

የመጀመሪያው የራምቦ ቤት የሚባለው ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ በእርግጥ የኖረበት ቤት አይደለም፤ ሕንፃው ከእሱ በኋላ የተሠራ ነው። እኔን የወሰደኝ ግን ግጥሙ ሳይሆን ካሜራው ነው። ራምቦ ካሜራ ከፈረንሳይ፣ ከሊዮን አስልኮ በ1883 እንደ ፈረንጆቹ እዚህ ሐረር ፎቶ ያነሳ ነበር። የራሱንም አንስቷል። ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ ፎቶዎቹ ነጥተው የቀሩት ባጠበበት መጥፎ ውሃ ምክንያት እንደሆነ ጽፏል። ባለ ቀለም መስታወቶቹ ሥር ቆሜ ያን አሰብኩ። ያን ያህል መንገድ የመጣ ካሜራ፣ መጨረሻው በውሃ ተበላሸ። የእኔ ዓርብ ቀለለኝ።

ሁለተኛው የሸሪፍ ሙዚየም ነው፤ ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ውስጥ ያለው። አብዱላሂ ሸሪፍ ከራሳቸው ቤት የጀመሩት ስብስብ ነው። ሰው የሚያየው የእጅ ጽሑፎቹን፣ ሰይፎቹን፣ ጌጣጌጡን ነው። እኔ ግን የቆምኩት የድሮ የሐረሪ ዘፈኖች የተቀዱባቸው ካሴቶች ጋ ነው። አንድ ሰው ድምፅ እንዳይጠፋ ብሎ ዕድሜውን ሙሉ ይሰበስባል። ፊልም ትምህርት ቤት ብገባ ይሄን የሚነግረኝ አላገኝም ነበር። ለረጅም ጊዜ ቆምኩ።

ማታ ጅብ የሚመገብበት ሄድኩ። ለሀገር ሰው 100 ብር አስከፈሉኝ። የሚመግበው ሰው በስማቸው ይጠራቸዋል፤ ከጨለማው ይመጣሉ። ሌላው ጎብኚ በስልክ መብራት ይቀርጻል። እኔ መቅጃውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ጅብ አጥንት ሲሰብር የሚወጣው ድምፅ ደረት ውስጥ ይሰማል። ቤት ስመለስ እናት ግንቡ ላይ የጅብ መግቢያ ቀዳዳ እንዳለ ነገሩኝ። ሌሊት ገብተው መንገዱን አጽድተው ይወጣሉ። እኛ ቤት ጅብ ማስፈራሪያ ነበር፤ እዚህ ጎረቤት ነው።

እሑድ ጥር 26፣ ድሬዳዋ

ጠዋት አባባን ልሰናበት ሄድኩ። ስልካቸውን ሰጡኝ። በሰማያዊ ፔጆ 404 ወደ መናኸሪያ ወረድኩ። ባጃጅ ይረክሳል፤ ግን የፔጆውን በር ድምፅ ፈልጌ ነው። ሲዘጋ እንደ ድሮ ቁም ሣጥን ነው።

ድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ከደንገጎ በኋላ ቁልቁለት ብቻ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሹራብ ለብሼ ተነስቼ በቲሸርት ደረስኩ። ከዚራ ሰፈር፣ ጥላ ሥር ፈጢራ በላሁ፣ 150 ብር፣ ከነማሩ። ከዚያ የድሮውን ባቡር ጣቢያ ከውጭ አየሁት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1902 እንደ ፈረንጆቹ ነው። አሁን ጸጥ ብሏል። ለአምስት ደቂቃ ጸጥታውን ቀዳሁ። ባዶ ጣቢያም የራሱ ድምፅ አለው፤ ቆርቆሮው በሙቀት ይላቀቃል።

ሰኞ ጥር 27፣ ገርጂ

መንገዱ ያለ ችግር አለቀ። ቤት የገባሁት ማታ ነው። ካርዱን ሁለት ቦታ ሳልገለብጥ አልተኛሁም።

ቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት የሰርግ ኤዲቲንግ በላቸው። ወደ ሐረር የተመለስኩት ሌሊት ሌሊት ነው። ዓርብ የተረፈው ሦስት ደቂቃ የፊልሙ መጨረሻ ሆነ። መኪኖቹ አንድ በአንድ ይቆማሉ፤ ምስሉ ላይ የቅዳሜ እጆች አሉ።

አንድ ቀን እናቴ ምሳ ይዛልኝ መጣች። ምስሉን አጥፍቼ ሄድፎኑን ብቻ ሰጠኋት። ቆማ ሰማች። ቀስ ብላ ተቀመጠች። እግሯ መሬት ላይ ወጣ ገባ ማለት ጀመረ፤ እሷ አላወቀችውም።

«ሽማግሌ ነው?» አለችኝ።

«አዎ። በምን አወቅሽ?»

«አይቸኩልም። ቺንጋው ግን ላልቷል። ሲነሳ ይንሸራተታል፣ ስሚው።»

ደግሜ ሰማሁት። ልክ ናት። እያንዳንዱ ስፌት ሲጀመር የሆነች ትንሽ መንሸራተት አለች። ስንት ሌሊት ሰምቼው አላወቅኩትም።

ለአባባ ደወልኩ። እናቴ ያለችውን ነገርኳቸው። ከልባቸው ሳቁ። «ሰላም በያት» አሉኝ። «አንቺ በሄድሽ በሦስተኛው ቀን ተበጥሶ አዲስ አስገባሁ።»

አዲሱ ቺንጋ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ገና አልሰማሁም።